ቤቱ የግል፣ ማዕዱ የጋራ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በውጭ ስለሚኖሩ አረጋውያን ብቸኝነት ያወጣችሁት ጽሑፍ ልቤን ነካው። በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥቼ ገበሬ ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ካርቱም ዳቦ ቤት ሠራሁ። አሜሪካ ገብቼ ታክሲ ነዳሁ፣ ማታ ማታ ተምሬ ነርስ ሆንኩ። ጡረታ ወጥቼ ባለቤቴ ስታርፍ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ።

አሁን የምኖረው ጎረቤታሞች ተማክረው በሠሩት መንደር ነው። አሳቡ የዴንማርኮች ነው፤ የመጀመሪያው መንደር፣ ሰተዳመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ተጠናቀቀ። ሁሉም የራሱ ቤት አለው። ማዕዱ ግን የጋራ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ምስር ወጥ እሠራለሁ። ሽንኩርቱን የሚከትፍልኝ የ9 ዓመት የጎረቤት ልጅ ነው። እንባው እየወረደ ይከትፋል፤ ተው ብለው አይሰማኝም።

እባካችሁ ስለዚህ አኗኗር ጻፉ። ብቻቸውን ቡና የሚያፈሉ እናቶች አሉን።

ጡረተኛው አንባቢያችሁ፣ ከካሊፎርኒያ