ቀበሮው ግልገሉን ትቶ አይጧን

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣ መሐል ሜዳ

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ የጭላዳ ዝንጀሮን ነገር እንዳነሣን መሥመሩ ተቋረጠ። ገብስ ላይ ወርዶ የሚያደርሰውን አውቃለሁ፤ እኔም በወንጭፍ ያባረርኩት ነው። ግን እዚያው ጓሳ ሜዳ ላይ ከቀይ ቀበሮ ጋር ስላለው ነገር ሰሞኑን አንብቤ ገረመኝ፤ እርስዎ ከብት ሲጠብቁ ሳያዩት አይቀሩም።

ቀበሮው መንጋው መሐል ሲገባ እንደ ልማዱ ወዲያ ወዲህ አይልም። ረጋ ብሎ ይራመዳል። አጠገቡ የጭላዳ ግልገል እያለለት ዞር ብሎ አይነካውም፤ የሚፈልገው አይጥ ነው። ተመራማሪዎች ተከታትለው ቆጥረውታል፦ ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህሉ ሲሆን፣ ጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ይደርሳል። ጭላዳዎቹ ሣሩን ሲነካኩ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጡለታል የሚሉ አሉ፤ አይጦቹ ቀበሮውን ሳይለዩት ይቀራሉ የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ከላይዋ ያ ሁሉ እጅና እግር ሲርመሰመስ አይጧ የቀበሮውን ኮቴ በምን ትለየዋለች?

አንድ ጊዜ አንዱ ቀበሮ ግልገል ነጥቆ ነበር አሉ። ትልልቆቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩት፣ መልሰውም አላስጠጉት። ውሻ ሲመጣ ግን አይደራደሩም፤ ወደ ገደሉ ነው የሚሸሹት።

የጭላዳ አኗኗር ሁሉ ከሣር ጋር የተያያዘ ነው። ተቀምጦ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እየነጨ፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፤ አጠገቡ ያለው ሲያልቅ ሳይነሣ ይንፏቀቃል። ሌሎች ዝንጀሮዎች መቀመጫቸው ላይ የሚያሳዩት ቀይ ምልክት እሱ ደረቱ ላይ የወጣው ተቀምጦ ስለሚውል ነው ይላሉ። ሚስቶች ያሉት ወንድ ደረቱ ከሌሎቹ ይበልጥ ይቀላል።

ድሮ ከእሱ በጣም የሚገዝፉ ዘመዶች ነበሩት፤ አጥንታቸው ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተገኝቷል። እነሱ አልቀው ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው የእኛው አገር ጭላዳ ብቻ ነው። ይህን ሰምተው የገብሱን ቂም ይተዋሉ ብዬ ግን አልጠብቅም።

ቀይ ቀበሮም ያለው እዚሁ አገር ብቻ ሲሆን ቁጥሩ 500 እንኳ አይሞላም። ከሁሉ የሚፈጀው ከቤት ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነውና፣ ክትባት ሲመጣ ውሻችንን እንዲያስከትብ ለታናሼ ይንገሩልኝ። ውሻውን ይዞ ጓሳ እንዳይወጣም አደራ።

የመድኃኒትዎን ገንዘብ በዚህ ሳምንት እልካለሁ። ቀበሮው ከጭላዳ መሐል አይጥ ሲይዝ አይተው ከሆነ፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ በየትኛው ወገን እንደሆነ ጭምር በስልክ ያጫውቱኛል።

ልጅዎ