የቫስኮ ዳ ጋማን ሁለተኛ ጉዞ ለምን ዘለላችሁት?

ክቡር አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት በታሪክ ዓምዳችሁ ስለ ፖርቹጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጽሑፉ ያምራል፤ ጉዞውንም በደንብ ተርኮታል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንብቤ ስጨርስ ተናድጃለሁ። ሰውየው ጀግና ሆኖ ገብቶ ጀግና ሆኖ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1502 ባሕር ላይ ከነመርከባቸው ስላቃጠላቸው ሰዎች አንዲት መስመር እንኳ የለችም።

ወደ ሕንድ ያደረገው የመጀመሪያው ጉዞ ቀላል ነበር እያልኩ አይደለም። ጁላይ 8 ቀን 1497 ከሊዝበን ሲነሡ አራት መርከቦችና 170 ያህል ሰዎች ነበሩ። ነፋሱን ፍለጋ የአፍሪካን ዳርቻ ትተው አትላንቲክ መሀል ገቡና ሦስት ወር ገደማ መሬት የሚባል ነገር ሳያዩ ቆዩ። ኮሎምበስ እንኳ ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ መሬት እስኪያይ የቆየው አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ይህን ማንም አይነጥቃቸውም። የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ግን በ1488 ባርቶሎሜዎ ዲያስ ቀድሞ ዞሮት ነበር፤ ጽሑፋችሁ እሱንም ረስቶታል።

እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ከማሊንዲ በኋላ ያለውን የተረካችሁበት መንገድ ነው። ዛሬ ኬንያ ውስጥ ያለችው ማሊንዲ ያን ጊዜ የሕንድና የዐረብ ነጋዴዎች የሚመላለሱባት ወደብ ነበረች። ሱልጣኗ ለዳ ጋማ ባሕሩን የሚያውቅ መሪ ሰጠው። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ታዋቂው ዐረብ መርከበኛ ኢብን ማጂድ ነው ይባላል፣ እናንተም እንደዚያ ጽፋችኋል፤ የዘመናችን የታሪክ ሰዎች ግን ይህን አይቀበሉም፣ ከጉጃራት የመጣ ሕንዳዊ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ማንም ይሁን ማን፣ ነፋሱ በየትኛው ወር ወደየት እንደሚነፍስ ያውቅ ስለነበር ውቅያኖሱን በ23 ቀን አሻግሮ ሕንድ አደረሳቸው። ሲመለሱ ምን ሆነ? ወቅቱን ሳይጠብቁ ወጡ። ያው ባሕር ሦስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ትኩስ ምግብና ፍራፍሬ በማጣት የሚመጣው በሽታ ያዛቸው፣ ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸውን ሸፈነው፣ እግራቸው አበጠ፣ በዚያ መሻገሪያ ብቻ 30 ያህል ሰው ሞተባቸው። በየመርከቡ ለሥራ የሚቆም ሰባትና ስምንት ሰው ብቻ ቀረ። ሰው ስላነሳቸው አንዱን መርከብ ራሳቸው አቃጠሉት። የቫስኮ ወንድም ፓውሎም አገሩን ሳያይ አዞረስ ደሴቶች ላይ ሞቶ ተቀበረ። እንግዲህ የዚያን መሪ ሥራ በዚህ መዝኑት። ለእሱ አንድ አንቀጽ ይገባው ነበር።

የሕንድ ወደብ በሆነችው ካሊከት ላይ የሆነውንም አለባብሳችሁ አለፋችሁት። ሜይ 1498 ደርሰው ለንጉሡ፣ ዛሞሪን ለሚባለው፣ ያቀረቡት ስጦታ ጥቂት ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ መታጠቢያ ሳህን፣ ስኳር፣ ዘይትና ማር ነበር። የንጉሡ ሰዎች ሲያዩት ሳቁ። ከመካ የሚመጣ ድሃ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያመጣል፣ ለንጉሥ ወርቅ ነው የሚሰጠው አሏቸው። ይህን ያነበበ ሰው የሕንድ ውቅያኖስ ባዶ እንዳልነበረ ይገባዋል። ቁንዶ በርበሬው፣ ቀረፋው፣ ዝንጅብሉ፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ሁሉም ባለቤትና ገበያ ነበረው። ፖርቹጋሎቹ የዳበረ ገበያ ላይ ዘግይተው የደረሱ እንግዶች ነበሩ። በንግድ ችሎታ ሊወዳደሩ ስላልቻሉ ነው በመድፍ የመጡት። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማነበው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ1502 ዳ ጋማ ተመልሶ ሲሄድ 20 የሚሆኑ መርከቦች ነበሩት። ሕንድ ዳርቻ ላይ ሚሪም የምትባል፣ ከመካ ሐጃጆችን ይዛ ወደ ካሊከት የምትመለስ መርከብ አገኘ። በውስጧ ሴቶችና ሕፃናት ያሉባቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ንብረታቸውን ወሰደ። ቤዛ እንክፈል ብለው ለመኑት፣ እምቢ አለ። ከዚያ መርከቢቱን ከነሰዎቿ አቃጠላት። ሴቶቹ ጌጣቸውንና ልጆቻቸውን ከፍ አድርገው እያሳዩ ምሕረት ሲለምኑ እሱ ቆሞ ያይ ነበር። ይህን የጻፈው ጠላቱ አይደለም። በዚያው የመርከብ ጓድ ውስጥ የነበረው ቶሜ ሎፔስ፣ ራሱ ፖርቹጋላዊ፣ በዓይኑ አይቶ ነው የጻፈው፣ የሚሰቀጥጠውም ይኼ ነው።

አንዳንዱ በቀል ነበር ይላል። ልክ ነው፣ በ1500 ካሊከት ውስጥ በርካታ ፖርቹጋሎች ተገድለዋል። ግን ሐጅ አድርጋ ልጇን አቅፋ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት በዚያ ውስጥ ምን አገባት? ደግሞ ለነዚያ ሟቾች ካብራል የሚባለው አዛዥ ያኔውኑ ከተማዋን በመድፍ ደብድቧል።

ለምን ይህን እንደዘለላችሁት የምገምተው ነገር አለ። ዳ ጋማ የሚለው ስም ለብዙዎቻችን የውለታ ስም ነው። ልጁ ክሪስቶቫዎ በ1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ በምጽዋ በኩል ገብቶ ከኢማም አሕመድ ጋር ተዋግቷል፤ በ1542 ወፍላ ላይ ተሸንፎ ተማረከና አንገቱ ተቀላ። የተረፉት ጓዶቹ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጎን ተሰልፈዋል። አባትየውም ቢሆን ስለ እኛ ሰምቷል። ሞዛምቢክ ላይ ሰዎቹ የቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ፣ ያ በአውሮፓ ሲወራለት የኖረው ክርስቲያን ንጉሥ፣ አገሩ ቅርብ ነው ሲባሉ በደስታ አልቅሰዋል፤ ያ ንጉሥ ለእነሱ የኛው ንጉሥ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ይጻፍም። የልጁ ሞት ግን የአባቱን ሥራ ሊጋርድልን አይገባም። ጋዜጣችሁን የሚያነቡ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሐጅ ያደረጉ ሙስሊም ወገኖቻችንም አሉ። ስለ ሚሪም ሳይነገራቸው ስለ ዳ ጋማ ጀግንነት ብቻ ማንበባቸው ልክ አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። በሚቀጥለው እትም የ1502ቱን ጉዞ ሙሉውን አውጡት። ሚሪምን ጻፉ። በዚያው ጉዞ ዛሬ ታንዛኒያ ውስጥ ያለችው የኪልዋ ሱልጣን በመድፍ ተገድዶ ወርቅ እንዲገብር መደረጉን፣ ከወርቁም በ1506 ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ተሠርቶ ዛሬ ሊዝበን ሙዚየም ውስጥ እንደሚታይ ጨምሩበት። የማሊንዲውን መሪ ነገርም አርሙ። ቦታ ጠበበ ካላችሁ የመጀመሪያውን ጉዞ አትድገሙት፣ እሱን አንብበነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ