ራውንድ ሲጀመር እናትን አታስወጧት

ለአዘጋጁ፣

በየሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ጠዋት ጠዋት የሚሰማ ጩኸት አለ። «አስታማሚ ውጡ! ራውንድ ሊጀመር ነው!» እናቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ይወጣሉ። ልጆቹ ያለቅሳሉ። ዶክተሮቹ አልጋ በአልጋ እየዞሩ ሕሙማኑን ሊያዩ ይገባሉ፤ ራውንድ የሚሉት ይሄንን ነው። ይሄ ልማድ ይቅር ለማለት ነው የምጽፈው።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ የሳንባ ምች ይዞት እዚሁ ጎጃም ውስጥ ተኝቶ ነበር። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ከአጠገባችን ከቾቄ በኩል የመጣች እናት ነበረች። ልጇን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው አደረ። ንጋት ላይ ደግሞ ግሉኮስ የገባበት እጁ አብጧል። ራውንዱ አልጋው ጋ ሲደርስ እሷ ከእኛ ጋር ኮሪደር ላይ ናት። «ሌሊት አስመልሶታል?» ሲል ዶክተሩ በሩ ገርበብ ስላለ ይሰማናል። ሲስተሯ ተረኛ የገባችው ገና አሁን ነው፤ ካርዱን ታገላብጣለች። «ኧረ ጋሼ፣ ገብቼ ልንገራቸው» አለችው ጥበቃውን። «ሲወጡ ትነግሪያቸዋለሽ» አላት። ሲወጡ ማን ያስቆማቸዋል? በኋላ የደረሳት የመድኃኒት ማዘዣ ነው፤ ሂጂና ግዢ።

የምታበላው፣ የምታጥበው፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ የምትመላለሰው እሷ ናት። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ኤፍ 75 የተባለውን ወተት ሌትም ቀንም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መጠጣት አለበት። ክፍሉ ሞልቶ አንዲት ነርስ ይሄን ሁሉ ኩባያ ብቻዋን ልታዳርስ አትችልም። ለሥራው ቤተኛ፣ ለምክክሩ ባዳ ማድረግ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃን የወላጆቹን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል።

ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ኢንፌክሽን ይመጣል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አንድ አልጋ ላይ አራት ጠያቂ ሲደረደር እኔም አይቻለሁ። እሱን ያስወጡ! አንድ አስታማሚ እጁን ታጥቦ ቢቆም ግን ማንን ይጎዳል?

እንግሊዝ አገርም ድሮ ወላጅ ልጁን በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር የሚጠይቀው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ስለ ሕፃናት የሆስፒታል አያያዝ የወጣው የፕላት ሪፖርት ነው ወላጅ በፈለገው ሰዓት ይግባ፣ እናትም አብራ ትደር ያለው። ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ደግሞ በ1978 ማሞቂያው አልበቃ ሲላቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት እናቶቻቸው ደረት ላይ አስተኟቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ እንክብካቤ ከወሊድ በኋላ ወዲያው ጀምሩ ያለው በ2022 ነው። የእናት ደረት ሕክምና ከሆነ ያየችውን መስማትም የሕክምናው አካል ነው።

ለሆስፒታል ኃላፊዎች የምለው ብዙ ወጪ የለውም። በራውንድ ሰዓት አንድ አስታማሚ አልጋው ጋ ይቁም። ሐኪሙ መጀመሪያ «ሌሊት እንዴት አደረ?» ብሎ እሱን ይጠይቅ። በእንግሊዝኛ የተባባሉትን በአማርኛ ይንገሩት፤ «እስቲ ምን ገባህ?» ብለውም ያስደግሙት።

አባቶችንም አትርሱ። «የሴቶች ክፍል ነው» እየተባሉ በደብረ ማርቆስ ብርድ ጋቢ ተከናንበው በረንዳ ላይ ያድራሉ። ማታ መግባት ካልተቻለ ቢያንስ ቀን ይተኳት። እናትየዋ ሁለት ሰዓት ትተኛበታለች።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ