ከባሕር በታች ሆኜ ነው የምጽፍልህ

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል?

ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ብታኮርፍም አይፈረድብህም። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ኋላማ ማፈሩንም ለመድኩት። ልጅ መውለዳችሁን እንኳ ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። ለባለቤትህ ዘግይቶም ቢሆን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በልልኝ።

አሁን አፋር ነኝ፤ ዳሎል አጠገብ፣ አህመድ ኤላ። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብዬ ተቀምጫለሁ። የመሬቱን ከፍታ ለካርታ እየለካን ነው። ከፍታ ስል ራሴንም ያስቀኛል፤ እዚህ ቁጥሩ ሁሉ ፊቱ ላይ የመቀነስ ሰረዝ አለው። የመጀመሪያውን ፋይል የላክሁ ቀን ከቢሮ አንዱ ደውሎ «ሰረዝ ገብቶብህ ነበር፣ አጥፍቼልሃለሁ» አይለኝም! የጨው ሜዳውን በአንድ ጠዋት ኮረብታ አደረገው።

ደጋ ስንሠራ ኮንቱሩ፣ ያ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው የካርታ መስመር፣ ተጠጋግቶ የጣት አሻራ ይመስል ነበር። እዚህ ጨው ሜዳው ላይ በየ20 ሜትሩ ኮንቱር አወጣለሁ ብትል ወረቀቱ ባዶውን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2000 አንዲት የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን አብዛኛውን የዓለም የብስ በራዳር ለክታለች፤ ስህተቷ ግን በሜትር ነው የሚቆጠረው። እኛ የምንጣላው በሴንቲ ሜትር ነው።

ጎህ ሳይቀድ እንነሳለን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ ስታፉ (ከፍታ የምናነብበት ባለቁጥር ዘንግ) ላይ ያለው ቁጥር በሙቀቱ እስክስታ ይወርዳል፤ ማንበብ የለም። ባለፈው ሳምንት ዙረን ወደ ተነሳንበት ነጥብ ተመልሰን ስናሰላ፣ ከመነሻው ከፍታ 14 ሴንቲ ሜትር ጎደለ። ሌሊቱን ሙሉ ስሌቱን ስፈትሽ አደርኩ፤ ምንም ስህተት አላገኘሁም። ጠዋት መንገድ የሚመሩን የአፋር አዛውንት ቦታው ድረስ ወሰዱኝ። የጨውን ቅርፊት በዱላቸው መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን ጣል አድርገው «እዚህ ግመል አይቆምም» አሉ። ለካ ስታፉን የምናቆምበት ብረት ከሥሩ ባለው ጭቃ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ነበር! አሁን እሳቸው መትተው ካልፈቀዱ ብረቱን አናሳርፍም። አጠገባችን ያለውን የጨው ሐይቅ ዳርማ ተወው። ነፋስ ሲነሳ ስሱ ውሃ ወዲያ ይሸሻል፤ ትናንት ያሰመርኩት ዳር ዛሬ ደረቅ ጨው ነው።

ኮሌጅ እያለን ሌቭሉን፣ ስታፉን የምናይበትን መሣሪያ፣ ፀሐይ እንዳይመታው ጃንጥላ ስትይዝ «ሙሽሪትን አጅብ» እያልን የሳቅንብህ ትዝ ይልሃል? ዛሬ አጃቢው እኔ ሆኛለሁ። ጃንጥላዬን ግን ነፋሱ ገነጣጠለው። ያቺ ጥቁሯ አሁንም ካለችህ፣ ወደ ሰመራ ለሚመጣ ሰው ስጥልኝ።

ያው የጠፋው ወንድምህ