አራሷን ጂኒ ነው ብለን ቤት አናቆያት

ለአዘጋጁ፣

ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣው ከባድ የአእምሮ ህመም ነው የምጽፈው። እዚህ ጅማ ጎረቤታችን በወለደች በ5ኛው ቀን ልጁ ተኝቶላት እንኳን እንቅልፍ እምቢ አላት፣ ገንፎውን መርዝ አለበት ብላ ገፋችው፣ ልጄን ቀየሩብኝ ማለት ጀመረች፣ እኛ ደግሞ ብርድ ነው ጂኒ ነው እያልን ሳምንት ሙሉ ቤት አቆየናት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ከ1,000 ወላድ 1 ወይ 2 የሚይዝ ህመም ነው፣ ለእናትም ለልጅም ህይወት ያሰጋል፣ በጊዜ ከታከመ ግን ይድናል። ጸበሉም ሩቅያውም ይቅር አላልኩም፣ ከህክምናው ጋር ይሁን። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ስለሚጀምር የ45 ቀን ክትባት እስኪደርስ መጠበቅ አያዋጣም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች በመጀመሪያው ሳምንት አራስ ሊያዩ ሲመጡ ስለ ደምና ስለ እትብት እንደሚጠይቁት «እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ?» ብለውም ይጠይቁ፣ ባሏንና እናቷን ለብቻ ያናግሩ፣ የሚያሰጋ ነገር ካዩ በዚያው ቀን ሪፈር ይጻፍላት።

አንድ አንባቢ፣ ከጅማ