ሌሊት መልስ አትጻፍ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትህን ጉልበቷን ያማታል እንጂ። ጅማ ዝናቡ አላቋረጠም።

ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሣሁት ስለተቆጣሁ ነው። ብደውል እጮኽብሃለሁ፣ እናትህም አጠገቤ ሆና ታለቅሳለች። ያ የአጋሮው ልጅ፣ ከአንድ ሣህን ስትበሉ የኖራችሁት፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ አለችኝ እህትህ። ለምን? አብራችሁ በምትጽፉት የኮከቦች ታሪክ ተጣልታችሁ። አንተ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ክፉ ክፉውን ላክህለት፣ እሱም መለሰልህ፣ እስኪነጋ ተሞላለጫችሁ። ልጄ፣ ሌሊት መልስ አትጻፍ።

የላክህልኝን ሃያ ገጽ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። አትሳቅ፤ 31 ዓመት ፖስታ ቤት የሠራ ሰው የማያነበው የለም። አንዱ መንግሥት የእኛን ፀሐይ፣ ሌላው ፕሮክሲማ የምትባለዋን ኮከብ ይዞ፣ ስድሳ ዓመት ሳይተኳኮሱ ሲፈራሩ መኖራቸውን ወድጄዋለሁ። መሪዎቹ ግን ልክ እንደ ጎረቤት በአጥር ላይ ይጯጯኻሉ። እንዴት ሆኖ? ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ እንኳ ከፕሮክሲማ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል ያልከኝ አንተው አይደለህም? አንዱ ተሳድቦ መልሱን እስኪሰማ ስምንት ዓመት አለፈ ማለት ነው። ተሳዳቢው ሞቶ፣ ልጁ ተተክቶ፣ የልጁ ሰርግ ላይ የአባቱ ስድብ መልስ ከች ይላል። ታሪኩ ያለው እዚያ ነው፤ መርከቦቹን ቀንሳቸው።

በ1955 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሶቪየትና አሜሪካ በኩባ ሚሳኤል በተፋጠጡ ጊዜ፣ የሶቪየቱ መሪ የክሩስቾቭ ደብዳቤ ዋሽንግተን ገብቶ እስኪተረጎም ግማሽ ቀን ያህል ወሰደ። ለስለስ ያለ ደብዳቤ ነበር። በማግሥቱ ሌላ መጣ፣ ቱርክ ያለውን ሚሳኤላችሁን አንሡ የሚል ኮስታራ። የአሜሪካው ኬኔዲ ሁለተኛውን እንዳላየ ሆኖ ለመጀመሪያው መለሰ። በዚያው ዓመት ሰኔ ቀጥታ መስመር ለመዘርጋት ተፈራረሙ፤ ስልክ እንዳይመስልህ፣ በጽሑፍ የሚሠራ ቴሌፕሪንተር ነው።

እኔ የዚህን ተቃራኒ ነው ያደረግሁት።

ስለ አጎትህ የምታውቀው ኪየቭ መማሩን ብቻ ነው። አያትህ በ1979 ስታርፍ አላረዳነውም፤ ፈተና ላይ ነው፣ ይጨርስ ተባለ። ከአምስት ወር በኋላ ከባዕድ አፍ ሰማ። የጻፈልኝን አልደግመውም፤ «ወንድሜ አይደለህም» ቀላሉ ነበር። ያንኑ ሌሊት በሻማ ቁጭ ብዬ አራት ገጽ መለስኩለት። ጠዋት በገዛ እጄ ማኅተም መትቼ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። ንዴቴ አልበርድ ቢለኝ የእናታችንን ነጠላ፣ ያንን አረንጓዴ ጥለቱን፣ ከሣጥን አውጥቼ ደጀ ሰላም ለተቀመጠች ሴት ሰጠሁት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከረጢት ስፈታ የእጅ ጽሑፉን አየሁ። የመጀመሪያውን በጻፈ በሦስተኛው ቀን የጻፈው ነው። «ይቅር በለኝ፣ ሐዘን ነው ያናገረኝ። ነጠላዋን ለማንም እንዳትሰጥብኝ» ይላል። ሴትዮዋን ስንት እሑድ ፈለግኋት፤ የለችም። የእኔ አራት ገጽ ደግሞ ሄዷል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ምን መሰለህ? የዚያን ሳምንት ከረጢት ከጅማ የተነሣው በማግሥቱ ነበር። ሙሉ ቀን እግሬ ሥር ተቀምጦ ውሏል፤ ጎንበስ ብዬ ማውጣት እችል ነበር።

አጎትህ ሲመለስ ስለ ነጠላው አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ በርጩማ ስበን ቡና እየጠጣን የምናወራው ስለ ዝናብ ነው።

ስለዚህ ሌሊት መልስ አትጻፍ። ጻፍ ካልክም አትላክ።

ደግሞ ያቺ መሐል ያለችው ትንሿ ፕላኔትህ ዝም ብላ ትረገጣለች። እንደዚያ አይደለም። በ1969 ሚያዝያ ደርግ አስመራ የነበረውን የአሜሪካኖቹን የቃኘው ጦር ሰፈር ዘጋ፤ በ1970 ኅዳር የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ሶቪየቶቹን አባረረ። ሁለቱ ኃያላን ቤት ተቀያየሩ! ማን ማንን ነዳው? ትንሾቹም ይነዳሉ፣ ዋጋውን ቢከፍሉም። ይህን የአጋሮው ልጅ ቢጽፈው ይሻላል፤ ከአንተ ይልቅ እሱ ሰው ይገባዋል። አትቆጣ፣ እውነት ነው።

የቤት ኪራዩን በቴሌብር ልኬልሃለሁ። ሻይ ለእራት አይሆንም። ያንን ሹራብ ልበስ።

ሐሙስ ከሰዓት የጅማው አውቶቡስ አየር ጤና ሲደርስ ሄደህ ዕቃ ተቀበል። ሁለት ፌስታል ነው፤ ሁለቱም ውስጥ በሶ፣ ማርና ቡና አለ። ሾፌሩን አመስግነው። ቀይ ክር የታሰረበት የአንተ አይደለም፣ እናትህ ለዚያ ልጅ ያዘጋጀችው ነው። አንተው ይዘህለት ሂድ፣ በሰው እንዳትልክ።

በቀን ሂድ።

አባትህ
ጅማ