ከብራህሚው በፊት

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እዚያ ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ዝናቡ ገባ ወይስ ያ ሙቀት ገና አለቀቃችሁም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ የላክሽውን ድምፅ ከሰማ ወዲህ «ትምጣ ወይ?» እያለ ሲጠይቀኝ ነው የሰነበተው። ተረጋጋ ብዬዋለሁ።

«ጭንቅላቴ ጉም የገባበት ይመስለኛል፤ አንብቤ አንብቤ ምንም አይያዘኝም» ያልሽውን ደግሜ ሰማሁት። የክፍል ጓደኛሽ የወሰደችሽ የአዩርቬዳ፣ ማለትም የህንድ ባህል ሕክምና፣ ሐኪም የሰጠሽንም በፎቶው አየሁ። ለማስታወስ የሚሰጡት የብራህሚ ተክል እንክብል፣ የአሽዋጋንዳ ዱቄት፣ እና ስም ያልተጻፈበት ጥቁር ክኒን። መልሴ ረዘም ስለሚል ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

መቼም ፋርማሲስት ስለሆንኩ «እማዬ የባህል ሕክምና አትወድም» ትያለሽ። አይደለም። አዩርቬዳ በህንድ የቀልድ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ቢ.ኤ.ኤም.ኤስ. የሚባል፣ ከነልምምዱ አምስት ዓመት ተኩል የሚፈጅ ዲግሪ ይማራል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የባህል ሕክምናዎቻቸውን የሚመራ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አላቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየውን የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቂው። የተማረ ከሆነ አይከፋውም።

«ካፋሽ በዝቷል፣ አማ ተጠራቅሞብሻል» ብሎሻል አይደል? በእነሱ አስተሳሰብ ሰውነትን የሚመሩት ቫታ፣ ፒታና ካፋ የሚባሉ ሦስት ኃይሎች ናቸው። ካፋ ሲበዛ ሰው ይከብደዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። አማ የሚሉት በደንብ ሳይፈጭ የቀረ ምግብ የሚተወውን ዝቃጭ ነው። እኔ አማን ላቦራቶሪ ልኬ አላስለካውም። ደስ የሚለኝ ግን አእምሮን የሚያዩበት መንገድ ነው። ነገር መረዳት፣ የተረዱትን መያዝ፣ የያዙትን ማስታወስ ብለው ለሦስት ይከፍሉታል። አንቺስ የቱ ነው ያቃተሽ? መረዳቱ ነው ወይስ መያዙ? እስቲ አስቢበትና ጻፊልኝ። ለየትኛውም ሐኪም ይጠቅመዋል።

ቻራካ ሳምሂታ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፋቸው ሕይወትን ከሚደግፉ ሦስት ምሰሶዎች መካከል ምግብንና እንቅልፍን ይቆጥራል። እኔም ከዚያ ብጀምር ደስ ይለኛል። ዋናውን ምግብ ቀትር ላይ ብይ፣ ማታ ቀለል አድርጊው፣ ከመሸ አትብይ። ከፀሐይ ቀድሞ መነሳት ይላሉ። ተነሺ፣ ግን ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጠሽ አድረሽ አይደለም! የቀን እንቅልፍን አይወዱም፤ የሚፈቅዱት በበጋው ሙቀት ነው። አንቺ ከክፍል እንደተመለስሽ እስኪመሽ እንደምትተኚ ነግረሽኛል፣ ከዚያ ሌሊቱን ታፈጥጫለሽ። ከመተኛትሽ በፊት መዳፍሽንና የእግርሽን ውስጥ በሞቀ የሰሊጥ ዘይት እሺው፣ ያዝናናል፣ ጉዳት የለውም። አፍንጫ ውስጥ ዘይት ማንጠባጠብ የሚሉትን ግን ተይው። ወደ ሳንባ የገባ ዘይት መጥፎ የሳንባ ምች ያመጣል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ጓደኛሽ ሥጋ አትበላም፣ አንቺም ከእሷ ጋር ከሆንሽ ወዲህ ትተሻል። ግን እሷ ወተት ትጠጣለች፣ እርጎ ትበላለች፣ ጊ የሚሉትን ንጥር ቅቤ ቻፓቲ በሚሉት ቂጣዋ ላይ ትቀባለች። አንቺ ደግሞ ዐቢይ ጾሙን፣ ረቡዕና ዓርቡን፣ ፍልሰታውን ሁሉ ስትይዢ እሱም የለም። ሩዝና ምስር ብቻ ነው። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። እዚያው ህንድ እንኳ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ላይ እጥረቱ በብዛት ይታያል። ሲያንስ መርሳት፣ ድካም፣ የእጅ መደንዘዝ ያመጣል። ወር አበባሽ ደግሞ ድሮም ብዙ ነው፣ ብረትሽም ሳይወርድ አይቀርም። ጾምሽን ተይ አላልኩሽም፤ ቢ12ቱ በክኒንም በመርፌም ይተካል።

ስለዚህ ዱቄቱን ከመጀመርሽ በፊት ደምሽን ተመርመሪ። ሄሞግሎቢን፣ የብረት ክምችትሽን የሚያሳየው ፌሪቲን፣ ቢ12፣ ለእንቅርት እጢሽ ቲኤስኤች፣ ስኳር። ይህ ነገር የጀመረሽ ኮቪድ ከያዘሽ በኋላ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው። ደግሞ ሆድ ብሶሽ፣ ሰው ናፍቆሽ ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ። እሱም ጭንቅላት ያደነዝዛል።

ወደ መድኃኒቶቹ እንመለስ። ብራህሚ በጥናት የታየ መጠነኛ ጥቅም አለው፤ በተለይ የተማሩትን ቆይቶ በማስታወስ ላይ። ግን ጥናቶቹ ብዙውን ጊዜ 12 ሳምንት ነው የሚፈጁት። ለሚቀጥለው ፈተና አይደርስልሽም። በባዶ ሆድ ከወሰድሽው ያቅለሸልሻል። ብራህሚ ግሪታ የሚሉት ደግሞ በንጥር ቅቤ የተሠራ ስለሆነ በጾም አይሆንሽም።

አሽዋጋንዳ አገራችን የሚበቅለው ግዛዋ ነው። እኛ ለቡዳ እናጤሰዋለን፣ እነሱ ሥሩን ፈጭተው በወተት ይጠጡታል። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን አልፎ አልፎ ጉበት የጎዳበት አጋጣሚ ተመዝግቧል፣ የእንቅርት እጢ ሆርሞንም ከፍ ያደርጋል። ዴንማርክ በ2023 እ.ኤ.አ. አግዳዋለች። ለዚህ ነው ቲኤስኤችሽን ሳናይ አትንኪው የምልሽ። ከጀመርሽው በኋላ ዓይንሽ ቢጫ ቢል ወይም ሽንትሽ ቢጠቁር ወዲያው አቁመሽ ሆስፒታል ሂጂ።

ጥቁሩን ክኒን ግን ጣይው። በዚህ አልደራደርም። ስም ስላልተጻፈበት ባስማ ሊሆን ይችላል፤ ባስማ የሚባሉት ዝግጅቶች ሆን ተብሎ ብረታ ብረት ተቃጥሎ የሚገባባቸው ናቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶችን መርምሮ ከአምስቱ በአንዱ ገደማ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። እርሳስ እኮ ራሱ አእምሮ የሚያፈዝ ነገር ነው! ለጉም ብለሽ ጉም ልትውጪ?

ለምርመራው ብር ነገ በአባትሽ በኩል እልካለሁ። ጠዋት ሳትበዪ ሂጂ፣ ውሃ ግን ጠጪ። ውጤቱን በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ እንዲታይ አድርገሽ አንሺው። ባለፈው ቁጥሮቹን ቆርጠሽ ነው የላክሽልኝ።

እናትሽ